ከጀርባ የሚሠሩት

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፤ ከምሳ በኋላ። ዓይናቸውን በሕመም ያጡት የቀድሞ የአማርኛ መምህርት ወይዘሮ የሻረግ ድምፁ በጠፋ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡት ግሬደር ነጂ ባላቸው አቶ ጓንጉል ደጃፉን ይዘው ቆመዋል።

የሻረግ፦ መብራት ከጠፋ ፍሪጁ በምን ይንቀጠቀጣል?

ጓንጉል፦ ያረጀ ነው። ከጠፋም በኋላ ይንቀጠቀጣል።

የሻረግ፦ እንዳንተ ነዋ!

ጓንጉል፦ እንዳልሽው።

የሻረግ፦ ጓንጉል፣ የጠፋው ዓይኔ ነው። ልቤ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ በርቷል። ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ስዳስሰው ይሞቃል። ቁልፉን ስጫነው ቀጭ ይላል። "ሀ" ብዬ ስነካ "ሀ" የሚለኝ ድምፅ ግን የለም። ጽሑፉን የሚያነብልኝን ተናጋሪ ምን አደረግከው?

ጓንጉል፦ ዛሬ ይረፍ።

የሻረግ፦ ማን ይረፍ?

ጓንጉል፦ ማሽኑ።

የሻረግ፦ ማሽን ምን ደክሞት ነው የሚያርፈው?

ጓንጉል፦ ግሎ ነበር። ሞተር ሲግል ይጠፋል።

የሻረግ፦ ይኸ ግሬደር አይደለም! ድንጋይ አይገፋም፤ አቧራ አይበላም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያነባል።

ጓንጉል፦ ሞተር ሁሉ ሞተር ነው።

የሻረግ፦ እና የቱን ሞተር ነው ያጠፋኸው? በቀጥታ ተናገር። መብራት ጠፋ ስትል አንድ ዋሸህ፤ አሁን ደግሞ ጋለ አልክ።

ጓንጉል፦ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠየቅኩት። ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶች አሉ አለኝ። የማትፈልገውን አሰናክል አለኝ። አሰናከልኩ።

የሻረግ፦ የማልፈልገውን? እኔን ሳትጠይቅ?

ጓንጉል፦ ተኝተሽ ነበር።

የሻረግ፦ ይገርማል! ከጀርባ የሚሠሩትን ለመያዝ ብለህ አንተው ከጀርባዬ ሠራህ።

ጓንጉል፦ ማንነታቸው አይታወቅም። ሳልጠራቸው፣ በቤቴ፣ ሌት ተቀን ይሠራሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የሻረግ፦ ልብህስ? እሱም ሳትጠራው ነው የሚመታው፤ እሱም ከጀርባ ነው የሚሠራው። ሂድና እሱንም አሰናክለው!

ጓንጉል፦ ብችል ዛሬ አሰናክለው ነበር።

የሻረግ፦ ምን አልክ?

ጓንጉል፦ ምንም።

የሻረግ፦ "ምንም" የምትለው ነገር ስትደብቅ ነው። ዛሬ ምን ቀን ነው?

ጓንጉል፦ ሐሙስ።

የሻረግ፦ ሐሙስ! ወንድሜ ይልቃል ከቀዶ ሕክምናው ቀና ብሎ የሚጽፍልኝ ቀን ነው። ሆስፒታል ሳይገባ ምን አለኝ? "እታለም፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተርሽ ፊት ቁጭ በይ፤ በገዛ ጣቴ እጽፍልሻለሁ" አለኝ። ሰምተሃል፤ አጠገቤ ነበርክ። ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ይልቃል አርባ ምንጭ ሆኖ በታመመ እጁ ይጽፋል፤ እኔ ደሴ ሆኜ በደህና ጆሮዬ አልሰማም። ይኸን ነው የሠራኸኝ።

ጓንጉል፦ ይጽፍ ይሆናል።

የሻረግ፦ "ይሆናል" ምንድን ነው?

ጓንጉል፦ ኔትወርኩ አይታመንም ማለቴ ነው።

የሻረግ፦ ኔትወርኩን ተወው። ያልታመነው ሌላ ነው። እኔ የማውቀውን ልንገርህ?

ጓንጉል፦ ንገሪኝ።

የሻረግ፦ ይልቃል ይኸን ድምፅ ከላከልኝ ጀምሮ ፊትህ ተፈትቶ አያውቅም።

ጓንጉል፦ ፊቴን በምን አየሽው?

የሻረግ፦ በወንበር። ደህና ስትሆን ወንበር ታነሣለህ፤ ስትቆጣ ትጎትታለህ። ይኸ ድምፅ ከገባ ወዲህ የዚህ ቤት ሲሚንቶ በወንበር እግር ታርሷል።

ጓንጉል፦ ወንበሩ ከባድ ነው።

የሻረግ፦ ድሮ ጋዜጣውን የምታነብልኝ አንተ ነበርክ። የመድኃኒቱን ወረቀት አንተ። ከተማሪዎቼ የሚመጣውን ደብዳቤ አንተ። አሁን ሥራ ፈታህ። ቀናህ።

ጓንጉል፦ በቆርቆሮ ድምፅ ነው የምቀናው? አፍንጫው እንደታፈነ ሰው እየተናገረ?

የሻረግ፦ አፍንጫው ቢታፈን መስመር አይዘልም!

ጓንጉል፦ ይሁን። ቀናሁ።

የሻረግ፦ ምን?

ጓንጉል፦ ቀናሁ። እንደሱ ብለሽ ተዪው። ነገ አስተካክለዋለሁ።

የሻረግ፦ ጉድ! አንተ ቀናሁ የምትል ሰው ነህ? ጎረቤት ግድግዳ ገጭተህ እንኳ ግድግዳው መንገድ ገባ ያልክ ሰው! ጥፋትህን እንዲህ በቶሎ ካመንክ ከሥሩ ሌላ ትልቅ ጥፋት አለ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል።

ጓንጉል፦ ጅግራም በይኝ አሞራ፤ ዛሬን ተዪው።

የሻረግ፦ አልተውም! ስልኬን አምጣ። ልደውልለት።

ጓንጉል፦ ስልክሽ ጥገና ቤት ነው።

የሻረግ፦ እስካሁን?

ጓንጉል፦ ባትሪው አብጧል ብዬሻለሁ። ያበጠ ባትሪ ይፈነዳል።

የሻረግ፦ ትናንት ስልኬ አበጠ። ዛሬ ኮምፒውተሬ ጋለ። ነገ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?

ጓንጉል፦ በሩን ልዝጋው።

የሻረግ፦ ምን ሊመጣ ነው? መልስ እንጂ!

ጓንጉል፦ ነገ ነገ ነው።

የሻረግ፦ ያንተን ስልክ ስጠኝ።

ጓንጉል፦ ሒሳብ የለውም።

የሻረግ፦ ጠዋት በር ላይ ስትንሾካሾክ ሒሳብ ነበረው!

ጓንጉል፦ ያን ጊዜ ነው ያለቀው።

የሻረግ፦ እንግዲያው ከጎረቤታችን ከዘምዘም ቤት እደውላለሁ። በትሬን አቀብለኝ።

ጓንጉል፦ አትሄጂም።

የሻረግ፦ ማን ነው የሚከለክለኝ?

ጓንጉል፦ ዝናብ ነው። ያዳልጣል።

የሻረግ፦ ዝናብ! ቆርቆሮው ዝም ብሎ፣ አሸንዳው ደርቆ፣ ዝናቡ በየት በኩል ወረደ? ጓንጉል፣ ውሸት ጥበብ ይፈልጋል፤ አንተ የለህም። በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ መብራት አጥፍተህ፣ ሞተር አግለህ፣ ዝናብ አዘነብክ።

ጓንጉል፦ ውሸት አላስተማርሽኝም።

የሻረግ፦ ባስተምርህም ትወድቅ ነበር! ዘምዘምንስ ምን አድርገሃታል? ጠዋት መጣች። እጄን ያዘች። ያዘችና አልለቅ አለች። ያቺ ሬዲዮ! ባሏ እንኳ ወሬዋን የሚያስጨርሳት ሶላት ሲደርስ ነው፤ ዛሬ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። እሷንም አሰናከልካት?

ጓንጉል፦ ጉንፋን ይዟት ይሆናል።

የሻረግ፦ ጉንፋን እጅ አያስይዝም።

ጓንጉል፦ ሰው የጎረቤቱን እጅ ቢይዝ ወንጀል ነው?

የሻረግ፦ እሺ። ከቤት አልወጣም። ና ተቀመጥ።

ጓንጉል፦ የት?

የሻረግ፦ እዚህ፣ አጠገቤ። ማንበብ ናፍቆህ የለ? አንብብልኝ። የአገልግሎቶቹን ዝርዝር እኔው ከፍቼዋለሁ። ይልቃል በስልክ እያዘዘ አስተምሮኛል፤ ጣቴ መንገዱን ያውቃል። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አሰምቶኛል። የጎደለኝ ዓይን ብቻ ነው። ያሰናከልከውን ሁሉ ትነግረኛለህ፤ እኔ አስነሣዋለሁ።

ጓንጉል፦ መነጽሬን አጥቼዋለሁ።

የሻረግ፦ ግንባርህ ላይ ነው። ስትቆጣ ወደ ላይ ታወጣዋለህ፤ እጀታው ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።

ጓንጉል፦ የሻረግ፣ እባክሽ። ነገ።

የሻረግ፦ "እባክሽ" አልክ? ይኸ ሰው ምን ነክቶታል ዛሬ! ወይ ተቀመጥ፤ ወይ በሩን ከፍቼ ሰፈሩን "ባሌ አፈነኝ" ብዬ እጠራዋለሁ። ምረጥ።

ጓንጉል፦ ሰፈሩን አትጥሪ።

የሻረግ፦ ለምን?

ጓንጉል፦ ይኸው ተቀመጥኩ።

የሻረግ፦ ወንበሩን ጎተትከው።

ጓንጉል፦ ጎተትኩት!

የሻረግ፦ እሰይ፤ አሁን ባሌ መጣ። አንብብ።

ጓንጉል፦ "ህትመት"። ተሰናክሏል።

የሻረግ፦ የማተሚያው ነው። ማተሚያ የለኝም፤ ይሁን። ግን ምን ይላል? "ተሰናክሏል" ነው የሚለው?

ጓንጉል፦ እንዲያ ይላል።

የሻረግ፦ ማን እንቅፋት እንዳስቀመጠለት አይልም?

ጓንጉል፦ አይልም።

የሻረግ፦ በዕውር መንገድ ላይ እንቅፋት ማኖር በየትኛውም አገር ነውር ነው። ቀጥል።

ጓንጉል፦ "ሰዓት"። ተሰናክሏል።

የሻረግ፦ ሰዓቱን ደግሞ! ሰዓት ምን በደለህ?

ጓንጉል፦ ቢቆም ምን ይጎዳል? አንድ ቀን ቢቆም።

የሻረግ፦ ሰውየው ዛሬ ቅኔ ጀምሯል። ቀጥል!

ጓንጉል፦ "ብሉቱዝ"። ተሰናክሏል። "ኔትወርክ"። ተሰናክሏል።

የሻረግ፦ ኔትወርኩንም! ከዚያ "ኔትወርኩ አይታመንም" ትለኛለህ። ሰው ጫካ ሲመነጥር እንኳ ለጥላ አንድ ዋርካ ይተዋል!

ጓንጉል፦ የትኛው ምን እንደሚሠራ አላወቅኩም። ሁሉንም ጠረግኩ።

የሻረግ፦ አይ ግሬደር! አይ ግሬደር!

ጓንጉል፦ "ዝማኔ"። ተሰናክሏል። "ጥበቃ"። ይኸ እምቢ ብሎኛል።

የሻረግ፦ ቆይ።

ጓንጉል፦ "ፍለጋ"። ተሰና…

የሻረግ፦ ቆይ አልኩህ! ከ"ዝማኔ" ቀጥሎ ምን አልክ?

ጓንጉል፦ "ጥበቃ"።

የሻረግ፦ ከ"ዘ" ተነሥተህ "ጠ" ላይ አረፍክ? ጓንጉል፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፊደል በማስቆጠር ነው። ይኸ ዝርዝር ደግሞ በፊደል ተራ ነው የሚሰለፍ። ዘ፣ ዠ፣ የ፣ ደ፣ ጀ፣ ገ፣ ጠ። "ደ" የት ገባች?

ጓንጉል፦ የለችም።

የሻረግ፦ "ደ" የለችም? ድምፅ በምን ይጻፋል?

ጓንጉል፦ እኔ ግሬደር ነጂ ነኝ።

የሻረግ፦ በምን ይጻፋል? ግሬደር ነጂ ነኝ አትበለኝ፤ በሁለት ዓመት የማታ ትምህርት እኔው ነኝ ያስነበብኩህ!

ጓንጉል፦ በ"ደ"።

የሻረግ፦ ዘለልከው።

ጓንጉል፦ ዓይኔ አለፈው።

የሻረግ፦ አላለፈውም። ቆይ፤ አልጨረስኩም። መጀመሪያ ያነበብከው ምን ነበር?

ጓንጉል፦ "ህትመት"።

የሻረግ፦ ከዚያስ?

ጓንጉል፦ "ሰዓት"።

የሻረግ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ! "መ"ንም ዘለሃታል። "መ" ላይ ያለውን እኔ ልንገርህ፤ "መልእክት ማሳወቂያ"። መልእክት ሲመጣ በማያው ጥግ ብቅ የሚያደርገው። ዋሸሁ?

ጓንጉል፦ አልዋሸሽም።

የሻረግ፦ ህትመቱን አነበብክልኝ። ሰዓቱን አነበብክልኝ። ብሉቱዝ የሚባለውን፣ ምን እንደሆነ የማታውቀውን፣ አነበብክልኝ። የዘለልከው ሁለት ነው። ወሬ የሚያመጣውና ወሬ የሚናገረው። ሁለቱ ከሞተር መጋል ጋር ምን አገናኛቸው?

ጓንጉል፦ ጥያቄ አብዝተሻል።

የሻረግ፦ ጋዜጣ ስታነብልኝም ትዘል ነበር። የማላውቅ መስሎህ ነበር። የመኪና አደጋ ትዘላለህ። የሞት ማስታወቂያ ትዘላለህ። ገጽ ስትገልጥ ትንፋሽህ ይያዛል፤ በዚያ አውቃለሁ። ዝም እልህ ነበር። ሠርግ ሲሆን፣ ልደት ሲሆን፣ ሎተሪ የወጣለት ሰው ሲሆን ሁለቴ ታነበዋለህ። ደግ ወሬ ዘለህ አታውቅም።

ጓንጉል፦ የሻረግ፣ በቃ።

የሻረግ፦ የምትዘለው ክፉውን ነው።

ጓንጉል፦ በቃ አልኩ!

የሻረግ፦ ጓንጉል።

ጓንጉል፦ አቤት።

የሻረግ፦ "አቤት"? ከተጋባን ወዲህ "ወይ" እንጂ "አቤት" ብለኸኝ ታውቃለህ? ዘምዘም እናቷ ያረፉ ጊዜ ስልኳን የወሰደባት ማን ነበር?

ጓንጉል፦ ብዙ ሰው ነበር።

የሻረግ፦ ማን ነበር አልኩህ!

ጓንጉል፦ እኔ።

የሻረግ፦ ምን ብለህ?

ጓንጉል፦ ተዪኝ።

የሻረግ፦ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የመከርነው እኔና አንተ ነን። መርዶዋን ማለዳ ሽማግሌዎች እስኪነግሯት፣ ሰው ደውሎ በባዶ ቤት እንዳያረዳት፣ ስልኳ ይወሰድ አልን። እሷ ደግሞ ብልህ ናት፤ ደህና ሰበብ ያስፈልጋል አልን። ሰበቡን ማን አወጣው?

ጓንጉል፦ አንቺ።

የሻረግ፦ ምን ብዬ?

ጓንጉል፦ ባትሪው አብጧል።

የሻረግ፦ ባትሪው አብጧል።

ጓንጉል፦ ሌላ ውሸት አላውቅም። ያንቺው ነበር ጥሩው።

የሻረግ፦ የራሴን ውሸት! በራሴ አፍ የሠራሁትን! መልሰህ ለኔው አጎረስከኝ!

ጓንጉል፦ ቸኩዬ ነው።

የሻረግ፦ ትናንት ነው የሰማኸው። ስልኬ ያበጠው ትናንት ነው።

ጓንጉል፦ ትናንት።

የሻረግ፦ ማታ እራት ላይ "ይልቃልን እግዜር ከአልጋው ያነሣዋል" ብዬህ ነበር። አሜን አልክ! አሜን አልክ እኮ፣ አንተ ሰው!

ጓንጉል፦ አሜን ባልል ታውቂ ነበር።

የሻረግ፦ እኔም ትን አለው ብዬ ውሃ አቀበልኩህ! ውሃውን ጠጣህ! ከእጄ ተቀብለህ ጠጣህ!

ጓንጉል፦ ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

የሻረግ፦ ዓይን ቢኖረኝ ትደፍር ነበር? ዓይን ቢኖረኝ ፊትህን አይቼ ሌባውን እይዘው ነበር። ዕውር ናት አልክ፤ ድምፁን ነጠቅካት። የቀረኝን አንዱን!

ጓንጉል፦ ዘምዘም ዓይን ነበራት። እሷንም ነጥቀናታል። ዕውር ስለሆንሽ አይደለም። እኅት ስለሆንሽ ነው።

የሻረግ፦ አትቆጣኝ!

ጓንጉል፦ እቆጣለሁ! እኔም ሰው ነኝ! ጠዋት ገና ተኝተሽ ሳለ ማያው ጥግ ላይ ብቅ አለ። የማላውቀው ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረባው ይመስለኛል። ሁለት ቃል ጻፈልሽ። ሁለት ቃል! ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ከጎንሽ የሚይዝሽ የለ። አንቺ ሻይሽን ይዘሽ ልትቀመጪ፤ ይኸ አፍንጫው የታፈነ፣ ነፍስ የሌለው፣ በዚያ ድምፁ ሊነግርሽ! ሰው የከብቱን ሞት እንኳ እንዲህ አያረዳም። መርዶ ከማሽን! የሚያመጣውን ልይዘው ገባሁ። የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። እሱንም፣ እሱን የመሰለውንም፣ ያልመሰለውንም ጠረግኩት። እንደገና ብሆን እንደገና እጠርገዋለሁ!

የሻረግ፦ ሁለቱ ቃል ምን…

ጓንጉል፦ ምን?

የሻረግ፦ አትንገረኝ! ከአፍህ እንዳይወጣ! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ጓንጉል፦ አልነግርሽም።

የሻረግ፦ ማለዳ ነው?

ጓንጉል፦ ማለዳ።

የሻረግ፦ ማን ማን ይመጣል?

ጓንጉል፦ የንስሐ አባትሽ። የዘምዘም ባል፣ ሐጂ ሙሔ። ከኮምቦልቻ የአክስትሽ ልጆች። እነሱ እስኪደርሱ ነው ነገ የተባለው። ከጎንሽ ዘምዘም ትቀመጣለች። እጅሽን የምትይዘው እሷ ናት።

የሻረግ፦ ጠዋት ጀምራው ሄዳለች።

ጓንጉል፦ አይሆንላትም። መጥታ ዝም ማለት ከበዳት። በሩ ላይ አለቀሰች።

የሻረግ፦ ይኸን ድምፅ ሲልክልኝ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "እታለም፣ ከእንግዲህ ማንም መስመር አይዘልልሽም" አለኝ። አንተን ነበር የሚለው፤ ጋዜጣህን ነግሬው ስቆ ነበር። አሁን የተዘለለው መስመር እሱ ራሱ ሆነ።

ጓንጉል፦ የሻረግ፣ ዝርዝሩ ፊቴ ነው። ልመልሰው? ድምፁን ላስነሣው? የገባው መልእክት ገብቶ ተቀምጧል፤ ያነብልሻል። ካልሽኝ አደርገዋለሁ። አልዘልም።

የሻረግ፦ አሁን ትጠይቀኛለህ? አሁን!

ጓንጉል፦ አሁን ነው የገባኝ።

የሻረግ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ንጋቱን ግን አንተ ቀጠሮ ያዝክለት። እኔን ሳትጠይቅ።

ጓንጉል፦ መርዶ ባለቤቱን ጠይቆ ይመጣል?

የሻረግ፦ አይመጣም። አውቃለሁ። እኔም ዘምዘምን አልጠየቅኩም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ የምሰድብህ ሳገኝ ስድቡ ወደኔ ይመለሳል!

ጓንጉል፦ ስደቢኝ። እችለዋለሁ።

የሻረግ፦ ነገ ሰው ፊት አልቆጣህም። ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ ባሏን ሰደበች አልባልም። ሰልስቱ ሲወጣ ግን ቁጣዬን ከነወለዷ ትሰማታለህ።

ጓንጉል፦ እሰማታለሁ።

የሻረግ፦ አሁን እንዳላወቅኩ ነኝ። ማንም እንዳይሰማ። ዘምዘምም ብትሆን። ሽማግሌዎቹም ደክመው መጥተው ያወቀች ሰው አያርዱ። እስከ ማለዳ ወንድም አለኝ።

ጓንጉል፦ አለሽ።

የሻረግ፦ አንተም አሜን አትበል።

ጓንጉል፦ አልልም።

የሻረግ፦ መነጽርህን አውርድ። "ደ" ላይ ቁም።

ጓንጉል፦ ቆምኩ።

የሻረግ፦ አንብብ። ሳትዘል።

ጓንጉል፦ "ድምፅ"። ተሰናክሏል። ስነካው ምርጫ ይሰጠኛል። "በራሱ"። "በእጅ"። "የተሰናከለ"። በራሱ ላድርገው?

የሻረግ፦ በራሱ ካደረግከው ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ይናገራል። ማንንም አይጠብቅም።

ጓንጉል፦ እንግዲያው እንደተሰናከለ ይቆይ።

የሻረግ፦ በቤቴ የተሰናከለ ነገር በቃኝ! "በእጅ" የሚለው ላይ ሂድ።

ጓንጉል፦ በእጅ ማለት ምንድን ነው?

የሻረግ፦ ሰው እስኪቀሰቅሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አለሁ፤ ግን ካልጠሩኝ አልናገርም እንደማለት ነው።

ጓንጉል፦ በእጅ አደረግኩት። ማን ነው የሚቀሰቅሰው? እኔ ነኝ?

የሻረግ፦ አንተ ነገ እጄን ያዝ። እሱን፣ አልቅሼ ስጨርስ፣ እኔው በእጄ አስነሣዋለሁ።